የማርያም አዳራሽ፦ የነገሥታቱ ግርማና ጎጃም

(ደብረ ማርቆስ ላይ ለመምህራንና ለተማሪዎች የተደረገ ንግግር ጽሑፍ)

አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ፣ እንደምን አመሻችሁ።

ስለ ጥንት ነገሥታት ቤተ መንግሥት ጥበብና ግርማ እንድናገር ስጠራ፣ ብዙዎቻችሁ የጎንደርን ግንብ እየጠበቃችሁ እንደመጣችሁ አውቃለሁ። ጎንደርም እንደርሳለን። መጀመሪያ ግን ወደ እነብሴ ሳር ምድር፣ ወደ መርጡለ ማርያም ልውሰዳችሁ። ልጅ ሳለሁ አክስቴ ለንግሥ ይዛኝ ሄዳ ነበር። ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ያለውን አሮጌ ፍርስራሽ ያየሁት ያኔ ነው። ድንጋዩ ላይ አበባ አለ፣ ሐረግ አለ፣ እንደ ሽሩባ የተጎነጎነ ቅርጽ አለ። ጣቴን ሐረጉ ላይ እያስኬድኩ «ይኼን ማን ሠራው?» ብዬ ጠየቅኋት። አክስቴም «መልአክ ነው እንጂ ሰው እንዲህ መች ይችላል!» አለችኝ።

አክስቴ ይህን ያለችው ከአድናቆት ነው፣ ነፍሷን ይማርና። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ያንን አበባ የጠረበው ሰው ከሐሳቤ አልወጣም። መዶሻ ይዞ ፀሐይ ላይ የዋለ፣ ማታ እጁ የቆሰለ ሰው ነው። ዛሬ የምናገረው ስለ እሱና እሱን ስለመሰሉት ነው። የነገሥታቱን ግርማ የሠሩት እጆች የማን እንደነበሩ ሳንጠይቅ ግርማውን ብቻ ስናወድስ ኖረናል፤ ይህ ያንገበግበኛል።

ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር እጠራቸዋለሁ፤ እንዳትደናገሩ።

«መርጡል» በግእዝ ድንኳን፣ አዳራሽ፣ ማደሪያ ማለት ነው። ስለዚህ መርጡለ ማርያም የማርያም አዳራሽ ነው። በዚህ ቦታ ታላቁን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት ንግሥት እሌኒ ናቸው። እሌኒ የሐድያ ንጉሥ ልጅ ነበሩ፤ በእስልምና ተወልደው አድገው ነው ወደ ክርስቲያኑ ቤተ መንግሥት የገቡት። ከ1434 እስከ 1468 በነገሡት በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን የቀኝ ንግሥት ማዕረግ ነበራቸው። የዘርዓ ያዕቆብ ልጅ አፄ በእደ ማርያም ሲነግሡም እሌኒን እንደ እናት አከበሯቸው። የበእደ ማርያም ዜና መዋዕል ጸሐፊ እሌኒን ያመሰገነበትን ቦታ ሳነብ ሁልጊዜ ይደንቀኛል። በእግዚአብሔር ፊት ጸሎታቸውንና ሃይማኖታቸውን ያነሣል። በዓለሙ ሥራ ደግሞ የንጉሡን ማዕድ ማሰናዳት፣ መጻሕፍት ማወቅ፣ ሕግ ማወቅና የመንግሥት ጉዳይ መረዳት ይላል። ማዕዱንና ሕጉን በአንድ ትንፋሽ ነው የጠራቸው። በዚያ ቤተ መንግሥት ግብር ማብላት የወጥ ቤት ጉዳይ ብቻ አልነበረም። ማን ከማን በላይ ይቀመጣል፣ ለማን የትኛው ሥጋ ይደርሳል፣ ጠጁ በምን ዋንጫ ይቀርባል የሚለው ሁሉ አገር የሚታይበት ሥርዓት ነበር። ይህን የሚያሰናዳ ሰው የአገሩን መሳፍንት፣ ዘራቸውን፣ ቅያሜያቸውን ሳይቀር ማወቅ አለበት።

እሌኒ ረጅም ዕድሜ ኖሩ። አፄ ልብነ ድንግል በ1508 ገና ልጅ ሳሉ ሲነግሡ አገሩን በእንደራሴነት የመሩት እሳቸው ናቸው። ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ ማቴዎስ የተባለውን አርመናዊ መልእክተኛ የላኩትም እሳቸው ናቸው። የ16ኛው ክፍለ ዘመን ፖርቱጋላዊ ጸሐፊ ዳሚያኦ ደ ጎይሽ ሁለት መጻሕፍት እንደደረሱ ጽፎላቸዋል። ጎጃም ውስጥ ብዙ ርስት ነበራቸው፤ መርጡለ ማርያምን ያሳነጹትም በዚሁ በርስታቸው ላይ ነው። ሕንፃው በዚያው ክፍለ ዘመን ጦርነት ተዘርፎ ፈረሰ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን በአፄ ሱስንዮስ ጊዜ ኢየሱሳውያን የተባሉ የካቶሊክ ሚስዮናውያን በቦታው ላይ ሌላ ሠሩ፤ ያም በተራው ፈረሰ። እንግሊዛዊው ተጓዥ ቻርልስ ቢክ በ1840ዎቹ መጥቶ ፍርስራሹን አይቶ ስለ ቅርጻ ቅርጹ በ1847 ጽሑፍ አሳተመ። እኛ ዛሬ በጣታችን የምንዳስሰው ድንጋይ ይህን ሁሉ ያለፈ ነው።

አሁን አንድ ጥያቄ ላንሣ። እሌኒ ይህን ሲያሠሩ ቤተ መንግሥቱ የት ነበር? በአንድ ቦታ አልነበረም። ይዞር ነበር። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ደብረ ብርሃን ላይ ለዓመታት ቢቀመጡም፣ የዚያ ዘመን ልማድ ድንኳን መትከልና ድንኳን መንቀል ነው። ከ1520 እስከ 1526 በአገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ሰፈሩን በዓይኑ አይቷል። የንጉሡ ድንኳኖች ከፍ ባለ ቦታ ላይ መካከል ይተከላሉ። ድንኳን የሆኑ አብያተ ክርስቲያናት አሉ። ወጥ ቤቱ፣ ዳኝነቱ፣ ገበያው ሁሉም የታወቀ ቦታ አለው። በሰንሰለት የታሰሩ 4 አንበሶች አብረው ይጓዛሉ። ድንኳኑን ሲገምት ከ5 ሺህ እስከ 6 ሺህ ይላል። ሰፈሩ ተነሥቶ ሌላ ቦታ ሲያርፍ ሁሉም ሰው ቦታውን ስለሚያውቅ መንደሩ እንደነበረው ሆኖ ይተከላል። ስፍራው ይለወጣል እንጂ ሥርዓቱ አይለወጥም።

ይህ ነገር ቋንቋችን ውስጥ ቀርቷል፤ ልብ አላልነውም እንጂ። «ከተማ» ስንል ዛሬ አስፋልትና ፎቅ ነው የሚታየን። ቃሉ ግን ከጥንት የንጉሡ ሰፈር፣ የጦሩ ማረፊያ ነው። ፊታውራሪ ከፊት የሚሄደው ነው። ቀኛዝማች የቀኙ አዝማች፣ ግራዝማች የግራው አዝማች ነው። ደጃዝማች ደግሞ የደጁ፣ ማለትም የንጉሡ ድንኳን ደጃፍ አዝማች ነው። እነዚህን ማዕረጎች ብቻ ይዞ አንድ ሰው የሰፈሩን ካርታ በወረቀት መሣል ይችላል። ተማሪዎቼን አንድ ጊዜ ይህን አሠርቻቸዋለሁ፤ ከማንኛውም ትምህርት ይልቅ ያስደሰታቸው እሱ ነው።

ታዲያ በድንኳን የሚኖር መንግሥት ግርማውን ምን ላይ ያኖራል? በበቅሎ ሊጫን በሚችል ነገር ላይ ነው። ግምጃ፣ ከፋይ፣ ሐር፣ ወርቀ ዘቦ የተሠራበት ካባ፣ ድባብ፣ ነጋሪት፣ መጋረጃ፣ መስቀል፣ መጽሐፍ። አልቫሬዝ በመጨረሻ ወጣቱን ልብነ ድንግልን ያየበት ትዕይንት ይህንኑ ያሳያል። መጋረጃው ሲገለጥ ንጉሡ 6 ደረጃ ባለው መድረክ ላይ፣ ከወርቅና ከብር የተሠራ ረጅም ዘውድ ደፍተው፣ የብር መስቀል በእጃቸው ይዘው፣ የወርቅ ግምጃ ካባ ለብሰው ተቀምጠዋል። ፊታቸው ላይ ሰማያዊ ሐር አለ፤ አንዴ ዝቅ፣ አንዴ ከፍ ይደረጋል። ይህ ሁሉ ጨርቅ ነው፤ ግንብ የለበትም። አልቫሬዝን ግን ከየትኛውም ግንብ በላይ አስደንቆታል። ጨርቁ ከሕንድ፣ ከግብፅ፣ ከአውሮፓ በነጋዴ ይመጣ ነበር። የመግለጥና የመሸፈን ጥበቡ ግን የራሳችን ነው። ቅዳሴ ያስቀደሰ ሁሉ ያውቀዋል፤ መቅደሱም መጋረጃ አለው።

ወደ ሠዓሊዎቹ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ትንሽ እንድቆይ ፍቀዱልኝ።

አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በዓመት 33 የእመቤታችን በዓላት እንዲከበሩ፣ ተአምረ ማርያምም በአብያተ ክርስቲያናት እንዲነበብ አዘዙ። ሥዕሏም በየቦታው ተፈለገ። በዚያ ዘመን ጣና ላይ፣ ዳጋ እስጢፋኖስ ፍሬ ጽዮን የሚባሉ መነኩሴ ሠዓሊ ነበሩ። ነገሥታቱን አንቱ ስል እሳቸውን አንተ ልላቸው አልችልም፤ አንቱ እላቸዋለሁ። በእንጨት ሠሌዳ ላይ የሣሏት ማርያም ፊቷ ስስ፣ መስመሯ እንደ ፀጉር ቀጭን ነው። አበባ ይዛ ለልጇ ትዘረጋለች። ሚካኤልና ገብርኤል በሁለት ወገን ክንፋቸውን ዘርግተው ቆመዋል። በሠሌዳው ላይ የንጉሡ የዘርዓ ያዕቆብ ስም አለ፤ የሠዓሊው የፍሬ ጽዮንም ስም አለ። አስቡት! በአገራችን የጥንት ሠዓሊ ስሙን ትቶ ማለፍ ነው ልማዱ። እዚህ ግን የንጉሥና የሠዓሊ ስም በአንድ ሠሌዳ ላይ ጎን ለጎን ከ500 ዓመት በላይ ቆይተዋል። ያው ንጉሥ ዘርዓ ያዕቆብ አፅማቸው ያረፈው በዚሁ በዳጋ እስጢፋኖስ ነው።

ሌላው ባዕድ ነው። ኒኮሎ ብራንካሌዮን የሚባል የቬኒስ ሰው በ1480 ገደማ መጥቶ እዚሁ ቀረ። አልቫሬዝ ሲያገኘው ከ40 ዓመት ያላነሰ ኖሮ ሸምግሏል፣ ባለጸጋም ሆኗል። አልቫሬዝ ሲገልጸው የተከበረ ትልቅ ሰው ነው፣ «ሠዓሊ ቢሆንም» ይላል። ይህን «ቢሆንም» ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ። ብራንካሌዮን ክርስቶስን በእናቱ ግራ ክንድ ላይ አድርጎ ሥሎ ሕዝቡን አስቆጥቶ ነበር ይባላል፤ ለእኛ ግራ ከቀኝ ያነሰ ነውና። ሥራዎቹ ለብዙ ዘመን ተረስተው ቆይተው በ1970ዎቹ እንደገና የተገኙት የት መሰላችሁ? እዚሁ ጎጃም ውስጥ፣ ዋፋ ኢየሱስን በመሰሉ ከዋና መንገድ የራቁ አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ ነው። ስሙን በፊደላችን ጽፎ «ፈረንጅ» እያለ ራሱን ጠርቷል። የቬኒስ ልጅ በእኛ ፊደል! ያገኙት ተመራማሪ ወደ ጎጃም የመጡት ቅዱስ ሉቃስ ሣላቸው የሚባሉትን የማርያም ሥዕሎች ፍለጋ ነበር። የደብረ ወርቋን ሥዕል የማያውቅ ጎጃሜ አለ ብዬ አላምንም። ቤተ መንግሥቱ ዞሮ ዞሮ ጠፍቷል፤ ሥዕሎቹን የያዙልን የደብር ዕቃ ቤቶችና ቁልፉን በወገባቸው ያሰሩ አባቶች ናቸው።

ጎንደርን በአጭሩ። አፄ ፋሲለደስ በ1636 ከተማውን ሲመሠርቱ ድንኳኑ ድንጋይ ሆነ። ስለ ግንቦቹ ብዙ ተብሏል፤ እኔ የምጨምረው የለኝም። የሚገርመኝ የእቴጌ ምንትዋብ ዘመን ነው። ከ1730 ጀምሮ ከልጃቸው ከዳግማዊ ኢያሱ ጋር ሲነግሡ ሥዕሉ ተለወጠ። ዳራው አንድ ወጥ መሆኑ ቀርቶ ከቢጫ ወደ አረንጓዴ፣ ወደ ቀይ የሚቀልጥ ሆነ። ፊትና እጅ ጥላ አገኙ። ልብሱ ደግሞ የሕንድ አበባማ ጨርቅ ሆኖ ተሣለ፤ ሠዓሊው በቤተ መንግሥት ያየውን ግምጃ ነው ለእመቤታችን ያለበሳት። ደቅ ደሴት ላይ ወዳለችው ናርጋ ሥላሴ ሄዳችሁ እዩ። ያሠሯት እቴጌ ራሳቸው በማርያም እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። አገሩን በእጃቸው የያዙ ሴት ወለል ላይ፣ ግን ከነሙሉ ጌጣቸው ናቸው።

የዚያ ቤተ መንግሥት ጌጥ ወደ ጎጃም የገባው በጋብቻ ነው። የምንትዋብ ልጅ ወይዘሮ ወለተ እስራኤል ለጎጃሙ ደጃዝማች ዮሴዴቅ ተዳሩ። ታላቁ ራስ ኃይሉ ከሳቸው ተወለዱ። ሞጣ ጊዮርጊስን የተከሉትም ወይዘሮ ወለተ እስራኤል ናቸው። ከሞጣ ወደ ዓባይ ከወረዳችሁ ደግሞ በአፄ ፋሲለደስ ዘመን የተሠራው ሰባራ ድልድይ አለ። በጣሊያን ወረራ ጊዜ አርበኞች አንዱን ቅስቱን ሰብረውት ነው ስሙን ያገኘው። ለእቴጌዪቱ ደብር ለጎንደር ቁስቋም የተሠራው የወርቅ ዘውድ ግን በ1868 ከመቅደላ ተዘርፎ ዛሬ ለንደን ሙዚየም ውስጥ በመስታወት ሣጥን ተቀምጧል። ይህን ስናገር ድምፄ እንደሚለወጥ ይሰማኛል፤ ይቅርታ አልጠይቅበትም።

«ቢሆንም» ወዳልኩት ልመለስ።

አንድ የቤተ መንግሥት መጽሐፍ ስንት እጅ እንደሚያልፍ እናስላ። ትልቅ መጽሐፍ ከሆነ ከአንዲት ፍየል ቆዳ የሚወጣው ሁለት ቅጠል ያህል ነው። 200 ቅጠል ያለው መጽሐፍ እንግዲህ 100 ፍየል ማለት ነው። ቆዳው ይዘፈዘፋል፣ ይወጠራል፣ ይፋቃል፣ ይደርቃል፣ እንደገና ይፋቃል። በወስፌ መስመር ይሰመራል። ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸት ተበጥብጦ ለሳምንታት ይታሻል። ቀዩ ለቅዱሳን ስም ይቀመጣል። ጸሐፊው መቃ ብዕሩን እየቀረጸ፣ ብራናውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ወራት ይቀመጣል። ከዚያ ሠዓሊው፣ ከዚያ ደጓሹ ይረከባሉ። ደጓሹ የእንጨቱን ገበታ በቀይ ቆዳ ያለብሰውና በጋለ ብረት መስቀልና ሐረግ ያትምበታል። ካባው ጋም እንዲሁ ነው። ፈታይዋ በእንዝርት፣ ሸማኔው በመወርወሪያ፣ ሰፊው በመርፌ ይረባረቡበታል። ዘውዱንና መስቀሉን አንጥረኛው ይሠራዋል።

እነዚህን ሰዎች ምን ብለን ስንጠራቸው ኖርን? ፋቂ፣ ቁጢት በጣሽ፣ ጠይብ፣ ቡዳ። የጻፈውን ሳይቀር ጠንቋይ አልነው። ንጉሡ በለበሰው ሸማ ፊት እየሰገድን ሸማኔውን ከማዕዳችን አራቅን። አፄ ልብነ ድንግል ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ ሲጽፉ ከለመኗቸው ነገሮች አንዱ ወርቅና ብር የሚሠሩ፣ መጽሐፍ የሚያትሙ ባለሙያዎች እንዲላኩላቸው ነበር። ባሕር ማዶ ባለሙያ ሲፈለግ አገር ቤት ያለው ባለሙያ በሙያው ያፍር ነበር። አፄ ምኒልክ በ1908 ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማወጃቸው ስድቡ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር ይናገራል። እኔም ያደግሁት ይህ ቃል በሚነገርበት ሰፈር ነው። ሰድቤአለሁም። ይህን ዛሬ በፊታችሁ መናገሬ ለእናንተ ሳይሆን ለኔ ነው።

ከመሣሪያ ሁሉ ርካሹ፣ ለመዝረፍም የማይመች የቤተ መንግሥት ጌጥ ደግሞ ቃል ነው። በአማርኛ ተጽፈው ከደረሱን ሁሉ እጅግ ጥንታውያኑ ለእነ አፄ ዓምደ ጽዮን የተዘፈኑ የወታደር ዘፈኖች ናቸው። የግእዙ ቅኔ ግን የጎጃም ነው፤ የዋሸራና የጎንጅ ነው ብል የሚቆጣኝ አይኖርም። ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ ቁራሽ ለምኖ የሚያድረው ተማሪ ሌሊት ሲቆጥር ያደረውን ቅኔ ጠዋት ለመምህሩ ይነግራል። ሁለት ቤቷን ጉባኤ ቃና ይጀምርና እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ይወጣል። ያ ተማሪ በታላቅ በዓል ቀን በንጉሥ ፊት ሲቆም በሰሙ አወድሶ በወርቁ ሊገሥጽ ይችላል። ንጉሡ ወርቁን ከተረዳ ይሸልማል፤ ካልተረዳም አጠገቡ ያሉት ሊቃውንት ተረድተዋል። ቅኔው አንድ ጊዜ ተባለ፣ አለቀ። ተማሪው ለነገ ሌላ መቁጠር አለበት። የትኛው ንጉሥ ነው እንዲህ ያለ ጌጥ በየቀኑ አዲስ የሚቀርብለት?

እዚህ ደብረ ማርቆስ ላይ ቆሜ ስለ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ሳልናገር ብወርድ ቅር ትሰኙብኛላችሁ። ራስ አዳል ይባሉ የነበሩት እኚህ ሰው በ1881 በአፄ ዮሐንስ የጎጃምና የከፋ ንጉሥ ተብለው ሲነግሡ፣ መንቆረር ትባል የነበረችው ይህች ከተማ የቅዱስ ማርቆስን ስም ያዘች። በ1896 ዓድዋ ዘምተዋል፤ በ1901 ዐርፈዋል። በዚህ ከተማ የአያቶቻችን ሙያ ምን እንደነበር ብንቆጥር ድንኳን ሰፊው፣ ጠጅ ጣዩ፣ አጋፋሪው፣ ነጋሪት መቺው፣ ጸሐፊው እያልን ከንጉሡ ግቢ የማይነካካ ቤት ማግኘት ይቸግረናል።

እንግዲህ መምህራን የሆናችሁትን አንድ ነገር ልለምናችሁ። መኪና ከተገኘ ተማሪዎቻችሁን ወደ መርጡለ ማርያም ውሰዱ። ከነጋ ብዙ ሳይቆይ፣ ፀሐይዋ ገና ዘንበል ብላ ቅርጹ ጥላ ሲጥል ይድረሱ። አባቶችን አስፈቅዱ፣ ድንጋዩን እንዳይቧጥጡት ንገሯቸው። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ወረቀትና እርሳስ ስጡት። ከግድግዳው ላይ አንዲት አበባ ብቻ መርጦ ይሣል። ሲጨርስም ከወረቀቱ ግርጌ ሁለት ነገር ይጻፍ፤ ስሙንና አበባዋ ስንት ደቂቃ እንደፈጀችበት።

አመሰግናለሁ።